የጎማው ሚዛንና የአባቴ መሪ

መኪና መንዳት ያስተማረኝ አባቴ ነው። የኮልፌ ሰው «ሴት ልጅን መሪ ማስያዝ ምን የሚሉት ነው?» ሲለው ከት ብሎ ስቆ አለፈው። እኔም መንጃ ፈቃዴን እንዳገኘሁ በሰፈሩ መሀል ደረቴን ነፍቼ ተንጎራደድኩ። ዛሬም ከእኔ የተሻለ ማርሽ የሚቀይር ካለ ይምጣ እላለሁ።

አባቴ አንዲት ትንሽ ታክሲ ነበረችው፤ ከእሷ ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን፣ መለዋወጫ በዕድል ነበር። ጎማ ሲሽከረከር እንዳይወላገድ በጎማው ብረት በቸርኬው ላይ የሚደረገው የሚዛን ማስተካከያ እርሳስም እንደዚያው። ጠርዙን ነክሶ የሚይዘው ዓይነት ከገበያ ሲጠፋ የሚለጠፈው መጣ። አየር ጤና ያለው ጎሚስታችን ጎማውን ከፍ አድርጎ በእጁ ያሽከረክረዋል፤ ከባዱ ጎን ወደ ታች ሲቆም፣ ከላይ በትይዩው እርሳሱን ይለጥፋል። ችግሩ፣ ብዙም ሳይቆይ እርሳሱ መንገድ ላይ ይረግፍና መሪው ይንቀጠቀጣል። አባቴም ተመልሶ ሄዶ ጎሚስታውን ሲያብጠለጥለው ይውላል።

አንድ ቀን እኔም አብሬው ሄጄ ሳለ ጎሚስታው ቸርኬውን በጣቱ ጠረግ አድርጎ አሸተተው።

«ጋሼ፣ ይሄ ናፍታ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያስ! ቅዳሜ ቅዳሜ እወለውልበታለሁ። የእኔ ታክሲ ቆሽሻ አትወጣም!»

ያኔ የሰፈራችን ሹፌር ሁሉ ናፍታ በነካ ጨርቅ ጎማና ቸርኬ ሲያብረቀርቅ ነበር የሚያመሸው። በቅባት ላይ ምን ይለጠፋል? ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አባቴ እየተነጫነጨ ከዚያች ከኩፖኗ ቤንዚን ትንሽ ቀዳ፤ ቸርኬው ታጠበ፣ ደረቀ፣ እርሳሱ ተለጠፈ። ከዚያ ወዲያ በሳሙና ብቻ እንዲያጥብ ቃል አስገባነው።

እርሳሱ አልረገፈም። አባቴ ግን «አሁንም ይንቀጠቀጣል» አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ጎሚስታው ጎማዎቹን ደግሞ አሽከረከራቸው፣ ምንም አላገኘም። የሚገርመው አባቴ በዚህ ጊዜ አልተሳደበም።

«እስቲ አንቺ ንጂያት» አለኝና ከጎኔ ተቀመጠ።

ከአየር ጤና ወደ ኮልፌ ነዳሁ። መንገዱ ገለጥ ሲል ነዳጅ ሰጠኋት፤ መሪው እጄ ላይ ጸጥ አለ። አባቴ መንገዱን ሳይሆን እጆቼን ነበር የሚያየው።

«ይንቀጠቀጣል?»

ልዋሸው አስቤ ነበር። ግን ሹፌር ያደረገኝ እሱ ነው፤ ውሸቴ የት ያመልጠዋል?

«አይንቀጠቀጥም፣ አባዬ።»

ጉልበቶቹ ላይ ያረፉትን እጆቹን ተመለከተ። እኔም ያኔ አየኋቸው፤ ጣቶቹ ለብቻቸው ይርገበገቡ ነበር። ጭኖቹ ሥር ሸጎጣቸው። እኔ ግን እግሬን ከነዳጁ ላይ አላነሳሁም።

ፊት ለፊት መንገድ ዳር አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ እጇን አወጣች። አባቴን ዞር ብዬ አየሁት።

«ምን ታዪኛለሽ? አቁሚላት እንጂ፣ ሥራ ነው!» አለኝ። ከዚያም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ረዳት አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ፣ «ኮልፌ ነው፣ ይግቡ!» ብሎ ተጣራ።