አረንጓዴው የሠርግ ቀሚስ

አሰላ፣ ሱሪዬን ላሳጥር በገባሁበት ልብስ ሰፊ ቤት፣ ስልሳን ያለፉ ሴትዮ ለራሳቸው ሠርግ አረንጓዴ ቀሚስ ሊያሰፉ ይለካሉ። እጃቸው ላይ የዘይት ቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ ሻርፓቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

«ሠርጉ ገብስ የተወቃበት አውድማ ላይ ነው» ይላሉ። «የተጠራው ሁሉ፣ ሙሽራውም ጭምር፣ ምሳውን ቋጥሮ ይመጣል። ሲሄዱ ማማሰያዎቼን አንድ አንድ አድላቸዋለሁ።»

«ድግስ የለም እንዴ፣ እትዬ?» ልብስ ሰፊው ሜትሩን እንደያዘ ደነገጠ።

«አርባ ዓመት በሰው ሠርግ ወጥ ሠርቻለሁ፤ አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አልበላሁም። በእኔ ሠርግ ማንም እሳት ዳር አይቆምም።» ቀና ብለው በመስታወቱ ራሳቸውን አዩና ፈገግ አሉ። «ይልቅ ወገቡን ሰፋ አድርገው፣ ልጄ። ቁጭ ብዬ የምበላበት ቀሚስ ነው።»