ሳላይ የመሰከርኩበት ስባሪ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ኃጢአቴን ስዘረዝር እዚህች ላይ ስደርስ እዘላታለሁ። ለእናንተ ግን ልትፋው፤ ራሴን ተጠይፌዋለሁ።

እዚሁ ጅቡቲ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ የሶላርን ገጽ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። በዓይን ልሙጥ የሚመስለው ገጽ ሲጎላ፣ ብርሃን እንዳያመልጥ ተብሎ የተሠራ የጥቃቅን ፒራሚዶች ድርድር ነው። የባሕሩ ጨውና እርጥበት ሰርጎ ከገባ ግን ይበላዋል።

እትዬ ዘነበች የክርስትና እናቴ ናት። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ዓሣ እየሸጠች። ለፍሪዘሯ ያገለገሉ ሶላሮች ልትገዛ ስትል፣ ሻጩ ሙሉጌታ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ከመጣና ከተሰበረ አንድ ሶላር ላይ ስባሪ ሰጣትና «ልጅሽ ይየው፤ ደህና ካልሆነ አትግዢ» አላት። ሌባ እንዲህ ይላል?

ስባሪውን በፌስታል ይዛልኝ ቢሮ መጣች። ፌስታሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ባልደረቦቼ ፊት አፈርኩባት። እኔ! በዚያው ዓሣ ያደግኩት እኔ! በሁለት ጣቴ ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ስትጠይቀኝ «አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው፣ ግዢው» አልኳት። ጉቦ የሰጠኝ ማን ነው? ማንም። ጉቦ በልቼ ቢሆን እንኳ ሰው ምክንያቱን ይረዳው ነበር። እኔ የዋሸሁት አንዲት ፌስታል ላለመፍታት ነው።

ሙቀቱ ሲገባ ሶላሮቹ ደከሙ፣ ፍሪዘሩ ቆመ፣ ዓሣው በሙሉ ተላ። እሷ እኔን ለአፍታም አልጠረጠረችም። ሙሉጌታ ደህናውን ስባሪ አሳይቶ የተበላሸ ሶላር ቀየረብኝ ብላ ሽማግሌ አስቀመጠች። ሰውየው አልጮኸም፣ አልማለም። ወደ እኔ ዞሮ፣

«ወንድሜ፣ ያየኸውን ተናገር» አለኝ።

«እኔ ያየሁት ደህና ነበር» አልኩ።

ምኑን አየሁና? ሳላይ መሰከርኩ። በእግዜር ፊት፣ በሽማግሌ ፊት፣ ሳላይ መሰከርኩ።

በማግስቱ ስባሪውን አውጥቼ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኩት። ፒራሚዶቹ ተበልተዋል፣ የብር መስመሮቹ ጠቁረዋል። ሰውየው አልቀየረም። እቃው መበላሸቱን እሱም ሳያውቅ፣ እውነቱን በእጄ አስይዞኝ ኖሯል። ያኔ እንኳ ሮጬ መናገር እችል ነበር። እኔ ግን ስባሪውን ቆሻሻ ውስጥ ጥዬ እጄን ታጠብኩ።

ሙሉጌታ ገንዘቧን መልስ ተባለ፣ መለሰ። ከዚያ ወዲያ የእኛ አገር ሰው ሊገዛ ደጁን አልረገጠም። ልጆቹን ይዞ የሚኖርበትን ሰፈር፣ ካርቲየ 7ን፣ ለቀቀ፤ ወዴት እንደሄደ አልጠየቅኩም። አለመጠየቄም እኔው ነኝ፤ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም።

ይቅር በሉኝም አልልም፤ በምን አፌ? እትዬ ዘነበች ዛሬም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «እውነቱን መስክሮ ያዳነኝ ልጄ» እያለች ታስተዋውቀኛለች። ትናንትም ምሳ ላይ እንደዚያው ብላ በእጇ አጎረሰችኝ።

ጎረስኩ።