ችካሉን የተሻገረው ጣሪያ

አምበር ከተማ፣ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ቀያሽ ሆኜ ሥራ የጀመርሁ ዕለት ኃላፊዬ አቶ ይርሳው ባለ ሃምሳውን ሜትር፣ መዶሻና አንድ እስር ችካል አስታቅፈው ላኩኝ። የምከልለው ለዱቄት ፋብሪካ የሚሰጥ ቦታ ነበር። አዲስ ኮት ለብሼ ማሳ ለማሳ ስዞር ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አንዱ ችካል እማሆይ ጥሩወርቅ ግቢ መካከል ላይ ዐረፈ። ጓሮው ለእሳቸው ሲቀር፣ ጎጆአቸው ወደ ፋብሪካው ሄደ። ቤት ገብቼ "እንደምን ዋሉ" እንኳ አላልሁም፤ መትቼ አለፍሁ።

ከወራት በኋላ የካሳ ገማቹ ኮሚቴ ሊያስፈርማቸው ሲሄድ እማሆይ በታቦት ምለው ጠበቁት።

"ይህን ጣሪያ ጥዬ አልወጣም። ከፈለጋችሁ ከነነፍሴ አፍርሱት!"

ጎረቤት ምግብ እያቀበላቸው ሳምንት ሙሉ ደጃፍ አልረገጡም። አቶ ይርሳው ጠሩኝና፣ "ዐርብ ግሬደሩ ይገባል። ችካሉን የመታህ አንተ ነህ፤ እማሆይንም አንተው አውጣቸው" አሉኝ። ፈራሁ። እኒህ ሴት የምራቸውን ነው።

የንስሐ አባታቸውን ቄስ ሞላን ለምኜ ይዣቸው ሄድሁ። ዲማ ገዳም የተማሩ፣ ነገር የሚያውቁ ሰው ናቸው።

"እማሆይ፣ አባ መሐላውን ይፍቱልዎትና ይውጡ" አልሁ።

"አንተ ባለሜትር፣ ቃሌን በዱቄት አልለውጥም!"

ቄስ ሞላ ጢማቸውን እያሻሹ አንጋጠው ቆዩ። "ጣሪያውን ጥዬ አልወጣም ነው ያሉት። ጣሪያው አብሮዎት ከወጣስ?"

እማሆይ ሳቃቸው አመለጣቸው። "ኧረ አባ! ማን ሊሸከመው?"

ሐሙስ ጧት ሰፈሩ በደቦ ወጣ። የግድግዳውን ጭቃ አራግፈው ቋሚዎቹን ከሥር ቆረጡ፣ ምሰሶውን ነቀሉ። ሠላሳ ያህል ጎረምሳ ሥር ገብቶ ጣሪያውን በትከሻው አነሣ። እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው መሐል ቆሙ። ከውስጥ መንገድ የሚያይ ስላልነበረ መሪው እኔ ሆንሁ።

"ወደ ግራ! ኧረ ግራ! ጌሾውን ረገጣችሁት!"

ጣሪያው እንደ ሰካራም ተወላገደ። ውሾች ጮኹበት፤ በበቅሎ የሚያልፍ መንገደኛ አማተበ። ሁለት ሸካሚዎች በሳቅ ተሸንፈው ቁጭ ሲሉ፣ ጣሪያው ሲያዘነብል አየሁና ኮቴን እንደለበስሁ ዘልዬ ገባሁ። ጥላሸቱ በአንገቴ ወረደ።

"ባለሜትር፣ አንተም ገባህ?" አሉ እማሆይ። "ታዲያ ወዴት ነው የምንሄደው?"

በሳቅ አለቅን። ጣሪያው ባለበት ዞረ። ቄስ ሞላ ከውጭ ሆነው ባይጣሩልን ኖሮ ተመልሰን ፋብሪካው ቦታ ላይ እናሳርፈው ነበር።

ችካሉን ተሻግረን፣ ጓሮው ውስጥ በተተከሉ ባላዎች ላይ አሳረፍነው። እማሆይ ከሥሩ ወጥተው የጠቆረ ፊታችንን ሲያዩ እልልታቸውን አቀለጡት። ካሳው ላይም ያለ ክርክር አሻራቸውን አኖሩ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ያኔ ገብተህ ብትጠይቀኝ ያኔውኑ እነግርህ ነበር። የሳሳሁት ለጣሪያዬ ነው። ባለቤቴ የከደነው ነው። መሬቱማ የመንግሥት ነው።"

ሥራውን እስክለቅ ብዙ ግቢ ከልያለሁ። ሁልጊዜ አልጠየቅሁም፤ ቸኩዬ መትቼ ያለፍሁባቸው ቤቶች አሉ። እነሱ ፈርሰዋል። በትከሻ ሊወጣ የሚችል ነገር ነበራቸው ይሆናል፤ አላውቅም። ችካል ከመምታት በፊት ቤት መግባት ያስፈልጋል።