የጎረቤቴ የቅዳሜ ሕግ

ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው የስደት ሰፈራችን፣ ከበራችን ፊት ለፊት አንዲት የካዛክስታን ሴት ትኖራለች። እቀናባታለሁ። በመልኳም በባሏም አይደለም፤ በልጆቿ አፍ ነው። ከእናታቸው ጋር በሩሲያኛ ይነታረካሉ፣ አያታቸውን በስልክ በካዛክኛ ያዋራሉ፣ ሊፍት ውስጥ ደግሞ እኔን በእንግሊዝኛ ሰላም ይሉኛል። የኔዋ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን እናቴ ስትደውል "ደህና ነኝ" ብላ ስልኩን እጄ ላይ ጥላው ትሄዳለች። በአማርኛ ከጠየቅኳት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ።

ይባስ ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ቤት መዋል ጀመረች። ቅዳሜ እዚያ ቤት ከካዛክኛ በቀር ክልክል ነው፤ በሌላ ቋንቋ የተናገረ ለሁሉም ሻይ ይቀዳል። ሕጉን ያወጣችው እናትየዋ ናት። በሶቪየት ጊዜ የተማረችው በሩሲያኛ ነው። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ በካዛክኛ ስታወራ አንዲት ሴትዮ "በሰው ቋንቋ ተናገሪ!" ብለው ጮኹባት። በኋላ አገሯ ራሱን ሲችል ካዛክኛ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ ያኔ ደግሞ ቢሮ ገብታ በገዛ ቋንቋዋ ማመልከቻ መጻፍ አቃታት።

"ልጅ ሆኜ በማወቄ ተሰደብኩ፣ ካደግኩ በኋላ ባለማወቄ" አለችኝ። አሁን ከልጆቿ ጋር እየተሳሳተች ትማራለች። ታሪኳ ያሳዝናል፤ እኔ ግን ከማዘን ይልቅ ተናደድኩ። ቋንቋውን በቅጡ የማታውቀው እሷ ልጆቿን ስታናግር፣ አማርኛ አፌን የፈታሁበት እኔ ምን ጎድሎኝ ነው?

አንድ ቅዳሜ ልጄን ልወስዳት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ልጄ በካዛክኛ ታወራለች! ትሳሳታለች፣ ያርሟታል፣ ትስቃለች፣ ትቀጥላለች። በሩን አንኳኳሁ።

ጎረቤቴ አስገብታ አስቀመጠችኝና ጆሮ በሌላት ስኒ ሻይ በወተት ሰጠችኝ፤ ስኒዋ ግማሽ እንኳ አልሞላችም። ግራ ሲገባኝ አይታ ሳቀች። ለእንግዳዬ ብላ ሕጓን ራሷ ጥሳ በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ።

"ለምንወደው እንግዳ ጎደል አድርገን ነው የምንቀዳው፤ ደጋግሞ እንዲጠጣ። ከሞላንለት ግን 'ጠጣና ሂድ' ማለታችን ነው።"

ልጄም አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ዝም ብዬ ብጠጣ ምን ነበረበት? አልቻልኩም።

"አንቺ፣ ለነሱ እንዲህ ትራይ ታደርጊያለሽ፤ ለኔ ሲሆን ምን ይይዝሻል?" አልኳት በአማርኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ፊቷ ቀላ። "ማሚ፣ እዚህ ሁላችንም ነን የምንሳሳተው" አለች በእንግሊዝኛ።

ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ሕግ ጥሳለችና ሻይ ልትቀዳ ነው። ማንቆርቆሪያውን አንስታ ዞረች። ለጎረቤቴ ግማሽ ቀዳች፣ ለልጆቹም ግማሽ። እኔ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አላየችኝም። ቀስ ብላ፣ አንድ ጠብታ ሳታፈስ፣ ስኒዬን እስከ አፏ ሞላቻት።

ትኩሱን ጠጥቼ ብቻዬን ወጣሁ።