ፌንግሹይ የተባለችው ልጅ

ዲኖ ቻይንኛ አይችልም። ይህን ቡራዩ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም፤ እሱ ብቻ አልታወቀብኝም ብሎ ያስባል፣ ወይም አውቆ ያልፈዋል። ከሚስቱ ከራህመት ሱቅ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ቤት አግዳሚ ወንበር ደርድሮ የቻይና ካራቴ ፊልም ሲያሳይ ስንት ዘመኑ ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና ቻይኖቹ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር በአማርኛ ይናገርላቸዋል። ንጉሡ ሲቆጣ አብሮ ይቆጣል፣ መበለቲቱ ስታለቅስ ድምፁን አቅጥኖ ያለቅሳል፣ ፈረስ ሲያነክስ ፈረሱ ምን እያሰበ እንደሆነ ሳይቀር ይነግራችኋል። አንዱ ቻይናዊ «ሃ» ብሎ ዝም ካለ፣ ዲኖ ከዚያች «ሃ» ውስጥ የሰውየውን እስከ አያቱ ያለ ታሪክ ያወጣል። እንዴት ነው ነገሩ ብለው የጠየቁት እንደሆነ ቻይንኛ አጭር ቋንቋ መሆኑን ያስረዳል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ማንም አይከራከረውም። ራህመት ግን ባሏ ቤት ሲገባ ከ«እሺ» እና ከ«እንጃ» በቀር ቃል እንደማይወጣው፣ ወሬውን በሙሉ ለቻይኖች እንደሚያስቀምጥ ለጎረቤት ታማርራለች።

በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ማስተር ፕላኑ ሆነ። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉ ከተሞች ጋር ያገናኛል የተባለው ፕላን ገበሬውን ከመሬቱ ሊነቅለው ነው ተብሎ ተቃውሞ ተነሳ። የአምቦ መንገድ አንድ ቀን ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል፤ ልጆች ይታሰራሉ፤ ከወዲያ የሚመጣው ወሬ የለቅሶ ነው። ዲኖ በዚያ ሰሞን አንድ ሕግ አወጣ። ከበሩ መጋረጃ ወዲህ የማስተር ፕላን ወሬ ክልክል ሆነ። «እዚህ ቤት የሚሞቱት ቻይኖች ብቻ ናቸው» ይል ነበር፣ «እነሱም በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ፊልም ተነስተው ይመጣሉ።»

ኦቦ ታመነ መምጣት የጀመሩት ያኔ ነው። ከከተማው ጠርዝ ወጣ ብሎ ያለው እርሻቸው ላይ ችካል ከተተከለ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሚስታቸው ወይዘሮ ድንቅቱ፣ ሰውየው ቤት ውስጥ እህል እንደማይቀምሱ፣ የሚስቁትም ከዲኖ ዘንድ ብቻ እንደሆነ ለራህመት አጫወቷት። ራህመት ለባሏ ነገረችው። ዲኖ «እሺ» አላት፤ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ፊልሙን የሚተረጉመው ለእሳቸው ሆነ። ጀግናው ቢሞት እንኳ ተኝቶ ነው ይላል። እኚህ ሽማግሌ ሳይስቁ ከቤቱ እንዳይወጡ ለራሱ ምሎ ነበር።

ያን ቅዳሜ ከመርካቶ የመጣለትን ሲዲ አስቀድሞ አላየውም። መንገዱ ተዘግቶ ዘግይቶ ደረሰው፣ መብራትም ጠፍቶ ሰነበተ። ቢሆንም ሽፋኑ ላይ ሰይፍና ተራራ አለ፤ ሰይፍና ተራራ ካለ ዲኖ ምን ጎደለው።

ፊልሙ ተጀመረ። ቻይኖቹ በየመሃሉ «ፌንግሹይ፣ ፌንግሹይ» እያሉ ይተነፍሳሉ። ዲኖ አላመነታም፤ ፌንግሹይ ጀግናው የሚወዳት፣ የጠፋችበት ልጅ ናት አለ። ሕዝቡ አብሮ ተራራ ለተራራ ፈለጋት። አንድ ሽማግሌ ክብ ነገር አውጥቶ ኮረብታውን በመርፌው ሲለካ፣ ዲኖ ልጅቷ ያለችበትን የሚጠቁም ሰዓት ነው አለ። ትምህርት ተቋርጦ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ዓቢይ አላስቻለው። ፌንግሹይ ሰው አይደለችም፣ ቤትና መቃብር በነፋስና በውሃ አቅጣጫ የት መሆን እንዳለበት የሚያሳይ የቻይኖች ጥበብ ነው ብሎ አረመው። ዲኖ ዞር ብሎም አላየውም። ልጅቷም ስም የወጣላት ከዚያ ነው አለ። ኦቦ ታመነ ከት ብለው ሳቁ፣ የዲኖም ልብ ሞላ።

የፊልሙ ሽማግሌ ግን ኮረብታውን ወደደው። ለንጉሥ ተነገረ፤ ወታደሮች መጡና መንደሩ ዙሪያ ችካል መቱ።

ከኋላ አንዱ «ቀያሽ ነው እንዴ ሰውዬው?» ሲል ተሰማ። ዲኖ ፈጠን ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። ችካሉ የድንኳን ነው፣ ፌንግሹይ ተገኝታ ሰርግ ሊደገስ ነው አለ። ጀግናው ሰይፉን መዝዞ ወታደሮቹ ላይ ሲዘልም፣ የሙሽራው ጭፈራ ነው አለ። ሙሽራው ግን ተሸነፈ። የመንደሩ ሰው ድስቱን፣ ፍራሹን፣ ዶሮውን ተሸክሞ ይወጣ ጀመር። ዲኖ እየተንተባተበ የሰርግ እንግዶች ናቸው፣ ስጦታ ይዘው ነው አለ። የሳቀ የለም።

በመጨረሻ አንድ ሰው ከነሚስቱ ወጣ። የቤቱን በር ነቅሎ በጀርባው አዝሏል።

ዲኖ አፉን ከፈተ። ስንቱን ንጉሥ ያናገረ ሰው፣ ለአንድ በር ቃል አጣ።

«ዲኖ፣ ልጄ፣» አሉ ኦቦ ታመነ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ፣ «በር ነቅሎ ሰርግ የሚሄድ ሰው የለም።»

ዲኖ አፈረ። ማሩኝ ሊላቸው አሰበ፤ ግን በሩን ያዘለው ሰውዬ ቆሞ ሚስቱን በቻይንኛ ማናገር ጀመረ። የሚተረጉም አልነበረም። ያኔ ኦቦ ታመነ ራሳቸው፣ ቀስ ብለው፣ በኦሮምኛ ይናገሩለት ጀመር፦

«ኦፍ ዱባ ሂን ኢላሊን።»

ከአዲስ አበባ መጥተው የተከራዩት፣ ኦሮምኛ የማይሰሙት፣ ወደ ዲኖ ዞሩ። ዲኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«‹ወደ ኋላ አትመልከቺ› ነው የሚላት» አለ።

ሽማግሌው ቀጠሉ፤ ዲኖም እየተከተለ ተረጎመ። ሰውየው ከብቶቹን አስቀድሚ፣ ልጁ እንዳያለቅስ እጁን ያዢው አላት። በሩ ከባድ ነው፣ ቢሆንም አባቴ የሠራው ነው፣ ቤት ስናገኝ እንገጥመዋለን አላት። ዲኖ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ።

ሴትዮዋ አንዲት አጭር ነገር ተናግራ ባሏን አየችው። ዲኖ ከራሱ ሊጨምር አልደፈረም።

«እሷስ ምን አለችው፣ ኦቦ?» አላቸው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡና ነገሩት።

ዲኖ ወደ ሰዉ ዞረ። «‹የት ነው ቤቱ?› አለችው» አለ።