የሼህ ዑመር ምርቃትና አዲሱ ካሜራዬ

ይህ የገጠመኝ አምና፣ ከረመዳን በፊት ሰርግ በሚበዛበት ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ሞኝነት ብቻ ቢሆን ኖሮ እየሳቅኩ አወራው ነበር።

ከሚሴ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ያኔ የነበረችኝ ካሜራ ትንሽ ናት፤ ምስሏ ግን ምንም እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ሰው አያከብራትም። ይዣት ዳስ ውስጥ ስገባ "ቪዲዮ አንሺው አልመጣም እንዴ?" እባላለሁ። እኛ አገር ካሜራ ትከሻ ላይ ካልወጣ ካሜራ አይባልም። ስለዚህ ያለኝን አሟጥጬ ትልቅ ካሜራ ልገዛ ቆረጥኩ።

ፎቶ ቤት ያለው ወዳጄ ጀማል ሊመክረኝ ሞከረ። "ተው፣ ያለችህ ትበቃሃለች። ይልቅ ልብስ ላይ የምትሰካውን ማይክ ግዛ፣ የጆሮ ማዳመጫም ያዝ። ሰው ደብዛዛ ምስል ይችላል፤ የማይሰማ ነገር ግን አይችልም" አለኝ። የቀናብኝ መሰለኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ትልቁን ካሜራ ይዤ መጣሁ። ለማይክ የተረፈኝ ነገር አልነበረም።

በአዲሱ ካሜራ የመጀመሪያ ሥራዬ የጎረቤታችን የእማማ ዘሀራ ልጅ የመሐመድ ኒካህ ሆነ። እማማ ዘሀራ ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ ላይ ሰርጉ ሊደርስ ሲል ወድቀው እግራቸው በጀሶ ታስሯል። ኒካሁ የሚታሰረው ጨፋ፣ ሙሽራዋ ቤት ስለነበር መሄድ አልቻሉም። የሚመርቁት ደግሞ ከባቲ ማዶ ቆላ የሚኖሩት ታላቅ ወንድማቸው ሼህ ዑመር ናቸው። ያሉበት ቦታ ኔትወርክ የለም።

እማማ ዘሀራ አስጠርተውኝ እጄን ያዙ።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ስዕሉ ለኔ ምን ያደርግልኛል? የወንድሜን ምርቃት ብቻ አምጣልኝ። ድምፁን ከሰማሁ ስድስት ዓመቴ።"

"ኢንሻአላህ፣ አንድ ቃል አይቀርብዎትም" አልኳቸው።

የጨፋ ነፋስ የዳሱን ሸራ ያንቀጠቅጠዋል፤ ከጀርባ ጀኔሬተር ያጓራል። እኔ ካሜራዬን ተሸክሜ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ሰው መንገድ ይለቅልኛል። ሼህ ዑመር መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ጀኔሬተሩን ራሱ በሚያሸንፍ ድምፅ ረጅም ምርቃት መረቁ። እኔ ግን ሕዝቡን ሁሉ ላስገባ ብዬ ከሩቅ ቀረጽኳቸው። የመጡበት መኪና ስለቸኮለ ከዚያው ወደ ባቲ ተመለሱ።

ቤት ገብቼ ስከፍተው የሚሰማው ጀኔሬተርና ሸራ ብቻ ነው። አንድ ቃል አይለይም። ጨነቀኝ። በመጨረሻ ምርቃቱ ላይ መንዙማ ጫንኩበት።

ቪዲዮውን የወሰድኩ ዕለት መሐመድ ከሙሽራዋ ጋር አማቶቹ ዘንድ ሄዶ ነበር። የነበሩት እናቷን ስታስታምም ሰርጉ የቀረባት ልጃቸው ሩቂያና ጨፋ ያልሄዱ ጥቂት የጎረቤት ሴቶች ናቸው። "ማሻአላህ! ሲኒማ አይመስልም?" አሉኝ። ደረቴን ነፋሁ። ምርቃቱ ጋ ሲደርስ እማማ ዘሀራ ሁሉንም ዝም አሰኙ። መንዙማው ቀጠለ።

"ዑመር የታለ?"

"ይኸው እየመረቁ ነው እማ፣ እጃቸውን ዘርግተዋል" አለች ሩቂያ።

እሳቸውም መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ለማይሰሙት ምርቃት "አሚን፣ አሚን" ይሉ ጀመር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሲያልቅ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው "ልጄ፣ ድምፁ ምነው?" አሉኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል። "ሼሁ ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ አልሰማ አለ" አልኩ።

"ያረቢ! ታሟል ማለት ነው" ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

በማግስቱ ጠዋት ጀሶ እንደታሰሩ ወደ ባቲ ተነሱ። ሩቂያ ብትለምን ብትለማመጥ አልሰሙም። መናኸሪያ የሚያደርሳቸው ባጃጅ ላይ ደግፌ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ያኔም አልተናገርኩም።

በአራተኛው ቀን እግራቸው አብጦ ተመለሱ። አስጠሩኝ። አሁንስ ጉዴ ፈላ ብዬ ገባሁ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ድኖ አገኘሁት! 'ኧረ እኔ አልታመምኩም' ብሎ ይምልልኛል። መሐመድም ደውዬ ስጠይቀው 'ደህና ነበር' ይለኛል። እንዳልጨነቅ ተመካክረው ሲደብቁኝ ነው። እውነቱን የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ፤ አላህ ከክፉ ይጠብቅህ" ብለው ጭንቅላቴን ዳበሱኝ።

ሼህ ዑመርን የሚያውቅ ሁሉ ውሸት ካፋቸው ወጥቶ አያውቅም ይላል። እህታቸው ዘንድ ውሸታም ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ማይኩን በኋላ ገዝቼዋለሁ፤ እሱ ቀላል ነው። የእማማ ዘሀራ ቤት ከኛ ሦስተኛው በር ነው። ዓመት ሙሉ ያን በር አንኳኩቼ እውነቱን መናገር አቅቶኛል።