እናቴ በባዶ ሆዷ የዋጠችው ኪኒን

እናቴ ለአጨዳ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዳ የወባ ንዳድ ይዟት ተመለሰች። አንድ ቀን እየዘለለ ያንቀጠቅጣታል፤ ሲለቃት ላቧ አጎዛውን ያርሰዋል። ደግፌ ቡሬ ወሰድኳትና ጣልያን ካቆመው የሕክምና ድንኳን ኪኒን ሰጡን። አስተርጓሚው «ጠዋት ጠዋት ትዋጥ። ሳትጨርስ ካቆመች ይመለስባታል» አለኝ።

ጎረቤታችን ይህን ሰምታ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ባል ዱር ገብቶ ጣልያንን ይወጋል፣ ሚስት ቤት ተኝታ የጣልያን ኪኒን ትውጣለች!» አለች። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ጋደም አለች።

ኪኒኑ ግን አልረጋ አላት። ከዋጠች በኋላ ብዙም ሳትቆይ ያቅለሸልሻታል፣ ያዞራታል፣ ከዚያ ታስመልሰዋለች። እኔ ጋቢዋን ወንዝ ወስጄ አጥባለሁ፤ ሳይደርቅ ሌላው ይቆሽሻል። ክንዴ ዛለ።

አባቴ ዱር ከመግባቱ በፊት መጻፍ አስተምሮኝ ነበር። ወረቀት ስለሌለን በየቀኑ የእናቴን ሁኔታ በከሰል በበሩ ጀርባ እጽፍ ነበር፤ ይጠቅማል ብዬ ሳይሆን መጻፉ ደስ ስለሚለኝ ብቻ። ማክሰኞ እናቴ «በቃኝ! ንዳዱ ይግደለኝ እንጂ ይኸ ነገር አንጀቴን አወጣው። ወዲያ ጣይልኝ» ስትል ዓይኔ በሩ ላይ አረፈ። ሐሙስ አስመለሳት። ዓርብ አስመለሳት። ቅዳሜ ደኅና። እሑድ ደኅና። ሰኞ አስመለሳት። ማክሰኞ አስመለሳት።

ቅዳሜና እሑድ ምን አደረግን? ሰንበት ስለሆነ ጠዋት በሶ በጥብጬላት ጠጥታ ነበር። በሌላው ቀን የገና ጾም ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም።

«እማ፣ ባዶ ሆድሽን እኮ ነው የምትውጭው!»

«የነፍስ አባታችን መድኃኒቱን ፈቅደውልኛል።»

«እህሉንስ?»

«እሱን አልጠየቅኋቸውም።»

እግሬን እየጎተትኩ ሄጄ የነፍስ አባታችንን ጠራኋቸው። መጥተው በሩን አነበቡት።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ፊደልሽ እንደ ሰካራም ያጋድላል፤ ነገርሽ ግን ቀጥ ያለ ነው።» ወደ እናቴ ዞሩ። «ስሚ ልጄ፣ በሽተኛ ጹም አይባልም። ከነገ ጀምሮ ቀምሰሽ ዋጪ።»

«ኃጢአቱስ፣ አባ?»

«እሱን ለኔ ተይው። አንቺ ኪኒኑን ሆድሽ ውስጥ አቆዪ።»

ረቡዕ በሶዋን ጠጥታ ዋጠች። «ይኸ ኪኒን ጆሮዬ ውስጥ ንብ አስገባ» አለች እንጂ አላስመለሳትም። ከሰዓት በኋላ ግን ንዳዱ እንደ ተራው አንቀጠቀጣት። ሐሙስም ዋጠች፤ አላስመለሳትም። ዓርብ እንደገና የንዳዱ ተራ ነበረ። ሰዓቱ ሲቃረብ ያለንን ልብስ ሁሉ ደራረብኩላትና እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከጎተራው ላይ ወርዳ ወለሉን አቋረጠች። እጇ እጄ ውስጥ ዝም እንዳለ ነው።

«ራበኝ» አለች።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ሳቄ መጣ።

«ምን ያስገለፍጥሻል? ስጭኝ እንጂ!»